ፈረስ

ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው ጓዳ፤
ቡሩል ካንዱራ ስትተኩስ፣ እኔ አንሶላ ሳጥፍ፣
ማሽኑ ሌሊቱን ይደልቃል።

«ባገሬ፣ በአልታይ፣» አለች በስብርባሪ ዐረብኛ፣
«ከበሮ ስሙ ፈረስ ነው፣
መምቻው አለንጋ።
ካም ይሉታል አዋቂውን፤ ሰማይ ድረስ ይጋልባል
የታመመ ሰው ነፍስ ፍለጋ።»

እኛ ዘንድ፣ አልኳት፣ ከበሮው ከበሮ ነው፤
ፈረሱ ሰው ነው።
አክስቴን ደብሪቱን ጠቋር ተጭኗት፣
ገብስማ ዶሮ ቢታረድ፣ ሽቶ ቢረጭ፣
ሠላሳ ዓመት አልወረደላት።

ቡሩል ካውያዋን አቆመች።
«ሠላሳ ዓመት ተጋልባ
የት ደረሰች?»

መልስ አጣሁ።
ማሽኑ ብቻ፣ ከግድግዳው ተጠፍሮ፣
ይንዘፈዘፋል፣ ያጓራል፣
ይጋልባል እዚያው በቆመበት።
አርባ ካንዱራ ይቀረናል።