የሳህን ምስክር

በትሪየስቴ ወደብ፣ ከአሮጌው መጋዘን ጥግ፣
ቢራ እየጠመቀ የሚያበላ አንድ ቤት አለ፤
ደጁን ቦራ የሚሉት ነፋስ ሲገፋው ሲጠርግ፣
የመዳብ ጋኑ ከመስኮት ጀንበር የመሰለ።

እኔ ጓዳ ነኝ።
ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጄ ሙቅ ውኃ አልደረቀም፤
የሚበላውን ሰው አላውቀውም፣
ሳህኑን ግን አውቀዋለሁ፤ ሳህን ሐሰት አያውቅም።

በልቶ የሚሄድማ በር ላይ ይስቃል፣
«ግሩም ነበር» ይላል፣ ኮቱን ይደርባል፤
ግማሹን ሥጋ ግን
በሰላጣ ቅጠል ሸፍኖ ቀብሮታል።

ያው ድስት፣ ያው ጨው፣ ያቺው የኒቨስ ማማሰያ፤
አራት ቁጥር ጉላሹን በዳቦ ጠርጎ ላሰ፣
መታጠብም የማይሻ ነበር።
ስድስት ቁጥር አንዴ ቀምሶ፣ ሹካ ሰክቶ መለሰ፤
ሹካው ቆሞ ቀረ፣
የጠብ ችካል፣ የይገባኛል ድንበር።

ፒሳው ያረረበት፣ ጥቁር ጥቁሩን ጠርዝ ለቅሞ
በረድፍ ደርድሮ ላከው፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፤
ከዚያው ጠረጴዛ አንዲት ልጅ
በቲማቲም ስጎ ፊት ሥላ ሰደደች፣
ዓይኑ ሁለት የወይራ ፍሬ፣ አፉ እየሣቀ፤
ሳላጥበው ቆሜ ቀረሁ፣ ቧንቧው ተከፍቶ ሲፈስ።

ቢራው ላይ ጠብ የለም። ኤርማኖ ያውቅበታል፤
ሳያጠልል ይቀዳል፣ ጉሹን፣ አረፋው ጺም ላይ ይቀራል።
ባዶ ብርጭቆ ሲመጣ ጎኑ ላይ የአረፋ ቀለበት አለው፣
በየጉንጩ አንድ፤
እንደ ግንድ ዕድሜ ነው የምቆጥረው።

አንድ ቀን ኤርማኖ፣
«እናንተ አገር በየቤቱ የሚጠመቀው ምን ይባላል?» አለኝ።
«ጠላ» አልኩት።
«ጠላ፣ ጠላ» አለ፣ አፉ ውስጥ አዟዙሮ። ወደደው።
ሌላውን ትርጉም ዋጥኩት።
ያን ማታ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣
የአዲሱ ጥቁር ቢራ ስም።
አሁን እንግዳ ሁሉ ጮክ ብሎ ያዝዛል፣
«ለእኔም ጠላ! ለእሷም ጠላ!»
ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ፤
ብርጭቆ እያጋጨ፣ እንዲህ ተዋዶ የሚጠላ
ሕዝብ ከየት ይገኛል?

ሲዘጋ ኒቨስ ሽርጧን ፈትታ፣
«ትርሲት፣ ሳህኖቹ ምን አሉ?» ትለኛለች፤
እንደ ተከሳሽ አንገቷን ደፍታ፣
የስድስት ቁጥርን ስነግራት ጨው ዕቃውን ታያለች።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በዕረፍት ቀኔ፣
ጫማዬን ወልውዬ በፊት በር ገባሁ፣ እንደ ሰው፤
አዲሱ አስተናጋጅ አላወቀኝም። ሃያ ደቂቃ አስጠበቀኝ፣
የሌላ ሰው ሾርባ አመጣልኝ፣
ይቅርታም ሳይል መለሰው።
ቀጥሎ ጉላሹ መጣ።
ጨው በዝቶበታል። ሥጋው ይታገላል።
አጠገቤ ያለችው ሴትዮ፣ ያንኑ፣ ከዚያው ድስት፣
ዓይኗን ጨፍና ትበላለች፣ ማንኪያዋ ይፈጥናል።
የታመመው የእኔ ምላስ ነው
ወይስ የእሷ?

ሹካዬን ልሰካው ስል
ከጓዳ የሳህን ግጭት ሰማሁ፤
በቦታዬ የቆመው ልጅ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣
ኒቨስ ዛሬ ማታ የምትጠይቀው እሱን ነው።
ዳቦ ቆረስኩ።
ጠርዙን ጠረግኩ፣ መሐሉን ጠረግኩ፣
የጠላሁትን በጠላ አወራረድኩ፣
ነጭ ሳህን ሰደድኩ።

ሦስት ዓመት ካደመጥኳቸው ምስክሮች ሁሉ
ያን ማታ አንዱ በሐሰት ማለ፣ ያስማልኩት እኔ።

ልጁ ግን ሥራውን አልለመደም ገና፤
በመቀበያዋ መስኮት አየሁት፣
ሳህኔን ወደ መብራቱ አነሣ፣ አገላበጠ፣
ፈገግ አለና
ሳያጥበው ከንጹሖቹ ላይ አስቀመጠ።