ማክሰኞ ከባቲ

ደሴ፣ ሸዋ በር ላይ፣ ሻይ ቤት ተቀምጠን
ካርታውን ዘረጋን፤ እየተጠቀለለ ቢያስቸግረን
ባንዱ ጫፍ ብርጭቆ፣ ባንዱ ጨው አስቀመጥን።

ሽታዬ ደብተር አላት፣ ዳር ዳሩ የተበላ፤
ዕቅዱን ትጽፋለች፣ ቶሎ ቶሎ ብላ፦
«ሰኞ ከባቲ መነሻ። ገርባ ላይ አንድ አዳር።
ማግስቱን ደጋን። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ የወንዙን ዳር ዳር።
ሐይቅ ላይ ጫማ ማድረቅ። ሚሌን በድንጋይ መሻገር።
ውርጌሳ፣ መርሳ…»
እስክሪብቶዋ ወልዲያ ደረሰ፤
አንድ ሻይ ሳያልቅ የጨው መንገድ ተጨረሰ።

አቶ ሙሄ ይመር፣ ያጎቷ ወዳጅ፣ አጠገባችን ነበሩ፤
በጉርምስናቸው ዘመን የጨው በቅሎ እየነዱ የኖሩ።
«ከገርባ እስከ ደጋን» አለች፣ «ስንት ኪሎሜትር ይሆን?»
ብርጭቆውን አዞሩ።
«ምንድን ነው የምትጭኑት?» አሉን።
«ድንኳን፣ በሶ፣ ውሃ…»
«እሱስ አይሟሟም ልጄ፣
ኪሎሜትር ይበቃዋል። እኔ ግን ጨው ለምጄ
መንገድ የምለካው ወደ ላይ ነው፣ ወደ ሰማይ፤
ሩቅ ነው ደመና ሲኖር፣ ቅርብ ነው ጠርቶ ሲታይ።
ደግሞም ሰኞን ሰርዢ፤ ሰኞ የባቲ ገበያ፣
ማክሰኞ ነው መነሻው፣ ሳይሞቅ፣ በዶሮ መጮኺያ።»

ሰረዘች።
እስክሪብቶዋን ተቀበሏት። ከደጋን አለፍ ብሎ፣
ካርታው ስም ከነፈገው ቦታ፣ እጃቸው ቆመ መንገዱን ጥሎ።

«እዚህ ጋ ሾላ ነበረ። ታናሼን፣ እብሬን፣ ንዳድ ጣለው።
ሰማዩ ጠቆረ። ጨዉ የሰው ነው፤ ዕዳ አለው።
ሾላው ሥር አስቀመጥነው፣ ቅል ውሃ ትተን ካጠገቡ።
እመለሳለሁ ብዬው ሄድኩ።
ጨዉ ደረሰ፣ ሳይነካው ዝናቡ።»

ዝም አልን። ውጭ፣ አስፋልቱ ላይ፣ የሚኒባስ ረዳት ይጣራል፦
«ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው ቀርቷል!»

ሽታዬ ጻፈች፦ «ቀን ሦስት፣ ዕረፍት።» አዩና «ዕረፍት አይደለም» አሉ።
ሌላ ቃል ግን አልሰጡን፤
ይኸው ባዶ ነው መስመሩ፣ ሌላው ሲሞላ ሁሉ።

ማታ ሻንጣዬን ሳስር፣ ሱቅ ወርጄ ግማሽ ኪሎ ጨው ገዛሁ፤
ከልብሴ መሃል፣ ያለ ላስቲክ፣ በወረቀት ብቻ ከተትሁ።
ሲነጋ መስኮት ከፈትኩ። ጦሳ ላይ ደመና ነበረ።
ከባቲ ገና አልተነሳንም፤
ርቀቱ ግን ጀመረ።