የመቶ ሜትር ጆሮ

እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ሾርባ ነው የለመድኩት፣
የሰማዩን ነገር ለኢቫሉ ተውኩት።
ሐምሌ ነው፤ ፀሐይዋ ዞራ ዞራ አትጠልቅ፣
ግሪንላንድ አናት ላይ፣ ነጭ ከነጭ ሲዘልቅ፣
እሷ በጉልበቷ፣ በገመድ አውርዳ፣
መቶ ሜትር ቁልቁል፣ ለማይታይ እንግዳ፣
አንቴና ትቀብራለች።

በአያቶቿ ልሳን ስሟ ጅማት ነው፣ ቆዳ የሰፉበት፤
እሷም ጥቁር ሽቦ አላት፣ በረዶ የምትጠቅምበት።
ሰማይ ለሷ ይሰማል እንጂ አይታይም ከቶ፣
ጆሮዋ ከታች ነው፣ በረዶ ውስጥ ገብቶ።

«አንድ ቅንጣት አለች፣»
አለችኝ አንድ ማታ፣ የዓሣ እሾህ እየለቀመች፣
«ከፈነዳ ኮከብ፣ ወይ ከባሰ ነገር የመጣች፤
ማግኔት አያጣምማት፣ ተራራ አያግዳት።
ስንት ቢሊዮን እህቶቿ ደረትህን አለፉት
አሁን፣ ማንኪያ ስታነሣ።
ከነሱ አንዷ ግን፣ ጉልበቷ የበዛ፣ ምናልባት በዓመት አንዴ፣
ከዚህ በረዶ ጋር ትጋጭ ይሆናል፤
ያኔ በራዲዮ ‹ጧ!› ትላለች፣ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰች።
ካልሰማናት አለፈች።»

ቶርኪል ደግሞ ከማዶ፣ ራዳሩን ተክሎታል፤
ገደል በሌለበት አገር ገደል ማሚቶ አምሮታል።

አባቷ አዳኝ ነበሩ። በባሕሩ በረዶ ላይ፣
አቆስጣ ብቅ ብሎ ከሚተነፍስበት ቀዳዳ በላይ፣
ላባ ሰክተው ይቆማሉ፤ ላባዋ እስክትርገበገብ፣
ቀኑን ሙሉ፣ ያለ ሳል፣ በብርድና በራብ።
«ልዩነቱ፣» ትላለች፣ «የሳቸው ይበላ ነበር።»

ነሐሴ ሲገባ፣ ሌሊት፣ ኮምፒውተሩ ጮኸ።
ሦስት አንቴና ባንዴ! ቶርኪል በካልሲ ሮጠ፣
ኢቫሉ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ማንም ሰው አልተቀመጠ።
በማግስቱም ጮኸ። በሠልስቱም።
ሁሌ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።
ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።
የምድጃዬ መለኮሻ! ጠቅ ሳደርገው የሚረጨው ብልጭታ፤
ኮከብ ሞተ ያሉት፣ የኔ የአጃ ገንፎ ኖሯል ለካ።

ከዚያ ወዲህ በክብሪት ነው የማቀጣጥለው።

ጣቢያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
በእኩለ ሌሊት በሬን አንኳኳች።
ፊቷ ላይ የሚነበብ የለም።
«ምድጃህ ጠፍቶ ነበር?»
«ጠፍቶ ነበር።»
«ስልክህስ?»
«እሱም።»
«ማል» አለችኝ።
ማልኩ።
አልሳቀችም። ጓንቷን ሳታወልቅ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣
ላባ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሳሏን ዋጥ አደረገች።