የቆየ መስመር

ጥቁር አንበሳ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ በመስኮቱ ጥግ አልጋ
አባቴ ወንድይፍራው ተኝቷል፣ ቃሉን እንደዘጋ።
ከግንባሩ ኋላ አንዲት የደም ሥር ፈንድታ
የላይኛው ሰፈር ጨለማ ውስጥ ነው፣ ከሐሙስ ማታ።

የቴሌ ሰው ነበር። ከዚህ ሽቅብ፣ በቸርችል ጎዳና
እሱ ያልወጣው ምሰሶ አልነበረም፤ ዛሬ መንገዱ ሰፋና
ግማሹ ተነቅሏል።
ልጅ ሆኜ መሰላል ስይዝለት፣ ዶሮ ማነቂያ፣
ሽቦው እንደ ወፍ ጎጆ ተጠላልፎ፣ መጀመሪያ የለው፣ ማብቂያ፣
«ይኼ ዝጓል፣ ለምን አትበጥሰውም?» ስል
ፒንሳውን ከጥርሱ አላቆ ጮኸ ወደ እኔ ቁልቁል፦
«የቆየ መስመር አይቆረጥም።
ማን እንዳለበት አይታወቅም።»

እኔ አራት ኪሎ አስተምራለሁ፣ የእንስሳትን ነርቭ፤
በማጉያው ሥር ያየሁት ሁሉ የእሱ ሥራ ይመስለኛል።
ባሕር ላይ የሚዋልል ፍጥረት አለ፣ ራስ የለው፣ ጀርባ የለው፣
ሽቦው እንደ ዓሣ መረብ ተዘርግቶ፣ ማእከል ሳይኖረው፤
አንድ ጥግ ሲነኩት መላው ይሰማል።
ከዚያ ትል መሳይ አንዱ፣ ጭቃ ላይ ሲሳብ፣ ሲሳብ፣
ወደ ፊት መሄድ ጀመረ፤ ወደ ፊት የሚሄድ ደግሞ
ፊት ያበቅላል።
አፍና ዓይን በቀደሙበት ሽቦው ይቋጠራል።
ቋጠሮው አንጎል ተባለ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ።

ማንም ግን አፍርሶ አልሠራውም።
ለጥገና ተብሎ አንድ ሌሊት እንኳ መብራት አልጠፋም፤
እንስሳው መብላት ነበረበት፣ መሸሽ፣ መውለድ፤ ስለዚህ
በአሮጌው ምሰሶ አዲስ ሽቦ፣ በአዲሱ ላይ ሌላ።
ዓሣው ቤቱን ሳይለቅ ጦጣ ፎቅ ጨመረበት፤
እኛ ደግሞ ጣሪያው ሥር ተከራየንበት።

ማለዳ ዶክተር ረድኤት መዳፉን በጣቷ ጫረች።
«አንቺም ሞክሪው» አለች።
ሞከርኩ። ጠቅልሎ ያዘኝ። አጠበቀ።
ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ፦
«ፍቅር አይደለም። የጨቅላ ጭብጥ ነው፣ ከሥር የነበረ፤
የላዩ ሲጠፋ ይወጣል።
ግልገል ጦጣ ከእናቱ ጠጉር እንዳይወድቅ የሚይዘው ዓይነት።»

አውቃለሁ። ማክሰኞ ዕለት ይህንኑ በጠመኔ ጽፌያለሁ።
ግን እጄን አልሳብኩም።
ታች ጎዳናው ላይ ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ይላል፤
አባቴ አንድ ጣቴን ይዟል።
መስመር ሲፈትሽ እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮው ሥር
«ሃሎ» አልኩት።
ጠበቅኩ።
«ሃሎ።»