ግልባጭ

ጭስ ቀኑን አጨልሞ በቀትር ፋኖስ ሲበራ፣
ፒትስበርግ ብረት አቅልጣ ስሟ በየአገሩ ሲጠራ፣
ክሮዘርስ የሚባል ጠበቃ፣ ከገመድ ሱቅ ፎቅ ላይ
ክፍል ተከራየ፤ ለወር አንድም ደንበኛ ሳያይ።
አያቴን ጠርቶ፦ «ስሜን በበሩ መስታወት ጻፍልኝ፤
ወርቁ እውነተኛ ይሁን፤ ዋጋውን ዱቤ አድርግልኝ።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። በዱቤ ወርቅ።

ኋላ ሃቨርካምፕ መጣ፣ የባቡር ጌቶችን ይዞ፤
ለዲ ተከተለው፣ የባንክ ውል በሻንጣ አግዞ።
ስድስት ፎቅ ሆኑ፤ ቆይቶ አሥራ ሁለት፤
በሩም ሰፋ፣ ፊደሉም ጨመረ ቁመት።
ድልድይ የሚሸጥ፣ ወንዝ የሚገዛ፣ ማዕድን የተጣላበት
ሁሉ ወደዚያ በር ይሮጣል፣ ባላጋራው እንዳይቀድምበት።
«ክሮዘርስ ቤት ያዙት» ከተባለ ወሬው ብቻ ያስታርቃል፤
ከሳሽ ቆቡን አንሥቶ በጓሮ ይሾልካል።

ብሩሹን የወረስኩት እኔ ነኝ፤ አባቴማ ንቆት ነበረ፤
«ለሰው ስም አልጎብጥም» ብሎ ከብረት ምድጃ አደረ።

የመስታወት ወርቅ እንዴት እንደሚጻፍ ለማያውቅ ልንገር፦
ከውስጥ ተሆኖ፣ በግልባጭ፣ ከመጨረሻው ነው የሚጀመር።
ቅጠሉ ከትንፋሽ ይቀጥናል፤ ስለዚህ አይተነፈስም፤
ሲደርቅ ጀርባው በጥቁር ይለበጣል፤ የመንገደኛ ዓይን አይደርስም።

አባቴን ሳንባው ከዳው። የምድጃው አቧራ
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ገብቶበት ደረቱ እንደ ወናፍ ሲያጓራ፣
ከሰሰ።
«በሕግ አምላክ!» አለ።
ቀጠሮ ሰጡት።
አሥራ አንድ ዓመት ቀጠሮ።
ሌኖር ብራክቢል ነበረች የፋብሪካው ጠበቃ፤
ጠበቀች፣
ጠበቀች፣ አባቴ እስኪያበቃ።
ምስክሩ ራሱ ነበርና መዝገቡ በሚያዝያ ተዘጋ፤
በሰኔ ደወሉልኝ፦ «አዲስ ሸሪክ አለችን፤ ወርቁ ስንት ነው ዋጋ?»

ሄድኩ። ምን ይደረግ፤ የቤት ኪራይ ቀጠሮ የለው።
ስሟን ከመጨረሻው ጀምሬ ጻፍኩት፣ ቀጥ አድርጌ፣ እንደሚገባው።
ከዚያ በቀጭን ብሩሽ፣ በነጭ ቀለም፣ በወርቁ ጀርባ ላይ
«ስቴፋን ሁዳክ» አልኩ፤ በግልባጭ ሳይሆን፣ ከውስጥ ለሚያይ።
ጥቁሩን ደረብኩበት። ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆቤን አነሣሁ፤
በረኛው ለጌቶቹ መሰለው።

ዘንድሮ ከለንደን ቤት ጋር ተጋቡ፤ ስማቸው ሦስት ፊደል ሆነ፤
ከሰማይ ጠቀሱ አናት ላይ በሰማያዊ መብራት ገነነ።
አሮጌው በር ሊጣል ነው። «ፍቀህ አጽዳው» ተባልኩ፤
ምላጬን ስዬ ጥቁሩን በቀስታ ገፈፍኩ።

ማርጎ የምትባል ልጅ፣ ለመቶኛው ዓመት መጽሐፍ
ስም ትለቅማለች፤ ከበር፣ ከደብዳቤ፣ ከመዝገብ ጫፍ።
ነጩ ከጥቁሩ ሥር ሲወጣ ዝቅ ብላ አነበበች፤
«ይሄ ከዝርዝሬ የለም፤ የመቼ ሸሪክ ነው?» አለች።

ምላጩ በእጄ እንዳለ ቆየሁ።
«አሥራ አንድ ዓመት» አልኳት፣ «እዚህ ቤት ጉዳይ ነበረው።»
አንድም ቃል አልዋሸሁ።

«ፊደሉን ንገረኝ» አለች። አንድ በአንድ ነገርኳት።
ከለዲ ቀጥሎ ባዶ መስመር ነበራት፤
ከግራ ወደ ቀኝ ጻፈችው።