ለኮት ማስቀመጫ

ሲብረን፣ ያን ማክሰኞ ፎፔ ከመስካችን ገብቶ
የብረት ዘንጉን በመዳፉ ብቻ ገፍቶ
ያለ መዶሻ፣ ያለ ላብ ሲያሰምጠው አይተህ
ዝም አልክ፤ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ላይ ተኝተህ።

የፍሪስላንድ አፈር፣ አፈር አይደለም፤ የሺህ ዓመት ሣር ነው፣
ውኃ የጠበቀው፣ ድርቀት የሚበላው።
አሸዋው ከታች ነው፣ አሥራ አራት ሜትር፤
አሮጌው ቤታችን አልደረሰም ነበር።
በእንጨት እግሮቹ ቆሞ መቶ ዓመት
ውኃው ሲሸሽ ጊዜ እግሩ ሻገተበት።
ስንጥቁን በእርሳስ ለካን፣ ከጎኑ ቀን ጻፍን፣
እንቁላል ከጓዳ ሳሎን ድረስ ተንከባሎ ሲመጣ ሳቅን፤
በኋላ ሳቁ አለቀ።
ቤቱ ፈረሰ። እኛ ተረፍን።

ፎፔ ሦስት ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፦
አንዱ ሰፊ የአርማታ ሰሌዳ፣ እንደ ታንኳ የሚንሳፈፍ፣ ቀላል ዋጋ፤
«አፈሩ ሲወርድ አብራችሁ ትወርዳላችሁ» አለ፣ «ቀጥ ብላችሁ፣ በዝግታ።»
(ትዳር መሰለኝ፣ ለአንድ አፍታ።)
ሁለተኛው በመዶሻ ተቀጥቅጦ የሚገባ ምሰሶ፤
የኒንከ ግድግዳ ግን እንዲሁም ቆሟል በስብሶ፣
አንድ ምት ሲያርፍ ብርጭቆዎቿ ሁሉ ይንጫጫሉ።
ሦስተኛዎቹ እንደ ቡሽ መክፈቻ እየዞሩ ይወርዳሉ፤
ድምፅ የላቸውም፣ ጎረቤት አያስቀይሙም፣
ዋጋቸው ግን አይነገርም።

«ሦስተኛው ይሁን» አልክ፣ «ኒንከ ብቻዋን ናት» ብለህ።
እኔ ግን አየሁህ ስትነሳ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘህ
ንድፉን የምታጠና መስለህ
ጥቂት ቆየህ፣
ጉልበትህ እስኪመለስልህ።

ስለ ሊፍት አንድ ጊዜ፣ በጥር፣ አንስቼ ነበር፤
«ገመድ ያሰሩለት ሬሳ ሣጥን» ብለህ ዘጋህ በር።
ከዚያ ወዲያ ቃሉን አላነሳሁም፤
እርሳስ አነሳሁ።
ታች ቁምሳጥን፣ ላይ ቁምሳጥን፣
አንዱን ካንዱ ራስ ላይ፣ ልክ በልክ አስቀመጥኩ፤
አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃምሳ።
«ምንድነው?» አልክ።
«ለኮት ማስቀመጫ» አልኩ።
«ለኮት ሰፋ።»
«ያንተን ኮት አላየህም?» አልኩና ሻይ ቀዳሁ።

ምሰሶዎቹ ገቡ፣ አሥራ ስምንት፤ አንዱም አልጮኸም፤
ኒንከ በመስኮቷ እጇን አነሳች፤ ብርጭቆዋ አልተነቃነቀም።
ፌሮው ታሰረ። ያኔ ፎፔ፣ ምስጢር የማያድርበት አፉ፣
«የቁምሳጥኑን ጉድጓድ ስንት እናድርገው?» አለ፣ ቆሞ ከጫፉ።

ጉድጓድ።
ለኮት።

አየኸኝ። እኔ ጉድጓዱን አየሁ።
ሠላሳ አምስት ሳንቲ ብቻ ነው የተቆፈረው፣
ውኃ ግን ሞልቶታል፣ ቡናማ፣ የሻይ መልክ ያለው።
ፎፔ አያቋርጥም፦ ውኃ የማያስገባ ሣጥን ያስፈልጋል፣
ወፍራም አርማታ፣ ከባድ፣
«አለዚያ ውኃው ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል።»

«ያነሳዋል?» አልክ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የቦይ በር ስትከፍት፣ ስትዘጋ፣
ስንቱን አነሳህ፣ ሲብረን! ጠጠር የጫነውን፣ በግ የጫነውን፣
ሰክሮ የሚቀዝፈውን ሙሽራ፣ ጀርመኖቹን ሽርሽር ወጪ በበጋ።
በሩን ትዘጋለህ፣ ውኃ ትለቅቃለህ፣ ትንባሆህን ትጠቀልላለህ፤
ዝቅ ያለው ከፍ ይላል፤ «ሂድ» ትለዋለህ።
አንድም ጀልባ አፍሮ አያውቅም።
ይህን አላልኩህም። አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

ቁጢጥ አልክ፣ በሁለት እጅህ ፌሮውን ጨብጠህ፣
ጣትህን ነከርክ በውኃው፤ ዳግመኛ ለመነሳት
ፎፔ እጁን ዘረጋ። ያዝከው፤ እስከ ዛሬ የማንንም ይዘህ አታውቅ።
ዝናብ ጀመረ፣ ቀጭን፣ አግድም የሚሄደው የዚህ አገር ዝናብ።

«ቲትስከ» አልክ። ጠበቅኩ።
ሌላ ነገር ሳትጨምር ወደ ፎፔ ዞርክ፣
ሜትሩን ከኪሱ አውጥተህ ጉድጓዱ ላይ ለካህ፣
«ጠቧል» አልከው። «አስፋው፤
ሁለት ኮት እንዲይዝ።»