እንከን ለቃሚው

ጠረጴዛዬ ላይ አርባ አንድ ስልክ አለ፣
ገሚሱ የክብሪት ቀፎ፣ ገሚሱ የተንጣለለ፤
የኔ ሥራ አንድ ነው፦ እንከን መልቀም ከስክሪን፣
የቱኦቪ ደግሞ መሣል፤ ደወልን፣ ፖስታን፣ ባትሪን።

ኦውሉ ነው ከተማው፤ ወንዙ ባሕር የሚገባበት፣
በኅዳር ወር ፀሐይ ለምሳ ብቻ የምትወጣበት።

ያኔ ደወል ማለት የነጥብ ቆጠራ ነበር፤
ሃያ አራት በሃያ አራት፣ እንደ ሰሌን ሲደረደር፤
አንዷን ጥቁር፣ አንዷን ነጭ፣ ግራጫዋን ወደ ዳር፣
አዲስ ስልክ በመጣ ቁጥር እንደገና ከዳር እዳር።
ያንን ደወል ጎትቼ በሰፊው ስክሪን ሳየው፣
ክብ ጎኑ ደረጃ ሆኖ እግር ያለው ሊወጣው ነው።

አንድ ሰኞ ቱኦቪ ነጥቡን ሁሉ ጣለች።
"ከእንግዲህ ሥዕሉን ሳይሆን አሣሣሉን እንላክ" አለች።
"ከዚህ ተነሥ እንበለው፤ እዚያ ድረስ ዝለቅ፤
መሐሉ ላይ ጎበጥ በል፤ ከታች ሰፋ፤ ከላይ ጥብቅ።
ትእዛዙ ይኸው ነው፤ ቀሪውን ስልኩ ይሥራ፣
ጥፍር በምታህል ቦታ፣ ግድግዳ በሚያህል ሥፍራ።"

አለቃችን ኢልፖ ግን፣ "የስልኩ ጭንቅላት ትንሽ ነው፣
ማስላቱን እንዴት ይችላል፣ በየጊዜው ሣል ስንለው?"
እሷ ቀለሟን ቀነሰች፤ ነጥቧን ከሃያ ወደ ስምንት፤
"ባጭሩ ካዘዝነው ይደርሳል" አለች፤ ደረሰም በቅጽበት።

አየሁት፦ ያች ስምንት ነጥብ፤ ከየነጥቡ እጅ ተዘርግቶ፣
ጫፉን ሳብ ስታደርገው መሥመሩ ይለመጣል፣ አይሰበር ከቶ።
"ከየት ተማርሽው?" አልኳት።
"ካባቴ። ጀልባ ሠሪ ነው።
ወለሉ ላይ ቀጭን ጣውላ እንደ እባብ አጋድሞ ሲለካው፣
እርሳስ ይጭንበታል፣ የሚከብደውን ማለቴ፤
በእርሳስ ያሠምረዋል፣ የሚጽፈውን ማለቴ፤
እንጨት መጉበጡን ያውቃል፣ አንቺ የት እንደምትይዢው
ብቻ ምረጪ ይለኝ ነበር።"

ኬክ ተቆረሰ፤ ኢልፖ ቆሞ አጨበጨበ፤
እኔ ትንሹን ስልክ አነሣሁ፤ ዓይኔ ጠበበ።
ደወሉ ጉም ለብሷል፤ ጠርዙ ግራጫ፣ ብዥ ያለ፣
መሥመሩ በሁለት ነጥብ መሐል ወድቆ፣ እዚህም እዚያም የሌለ።
ትእዛዙ ልክ ነው፤ ስሌቱ አንድም አልሳተ፤
ግን አገሩ የነጥብ ነው፤ ግማሽ ነጥብ ማን ሸመተ?

ኬኬን ሳልጨርስ ነገርኳት። ቱኦቪ አልተቆጣችም፤
ወይም ተቆጥታ ይሆናል፤ እሷ ስትቆጣ አይታወቅባትም።

ቅዳሜ አባቷ ዘንድ ወረደች፣ ሃውኪፑዳስ፣ ጀልባ ቤት።
ኦይቫ ስልኩን አራቀው፤ ዓይኑ ካረጀ ሰንብቶበት።
ደወሉን አሳደገችለት፤ ስክሪኑን ሞላ ዳር እስከ ዳር፤
አውራ ጣቱን አስኬደበት፣ ከአናቱ እስከ አፉ ድንበር።
"የዚህስ ጉብጠቱ ልክ ነው። ትንሹ ነው ያስቸገረሽ?
እኔ ጣውላው የሰጠኝን እንዳለ የወሰድኩ መሰለሽ?
ኩርባው ሲያምር ይመጣና፣ ምስማሩ ጋ ሲደርስ ይከዳል፤
ያኔ መላጊያ ነው እንጂ፣ እንጨት ምክር መቼ ይሰማል።"

ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው። ሰኞ ስገባ በጨለማ፣
መብራት ያለው እሷ ጋ ነበር፤ ሌላ ድምፅ አይሰማ።
ግራ ጎኑን በግማሽ ነጥብ፣ አፉን በሩብ፣ በትዕግሥት፣
ገፋ፣ መለስ፣ ደግሞ ገፋ፣ መላጊያ እንደያዘች ሴት፤
ለትንሹ ስክሪን ብቻ፣ ለዚያች አሥራ ስድስት ነጥብ፣
ማንም አይቶ ለማያመሰግንባት፣ ለዚያች ጠባብ።

መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦ "ደወል። አርባ አንድ ስልክ። እንከን የለም።"
ቱኦቪ ቀና ሳትል፣ "ፖስታውስ?" አለችኝ። እኔ ዝም።
ፖስታውን አይቼዋለሁ፤ ክዳኑ ላይ ጉም ወርዷል።
ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።
ኅዳር ነው፤ እስኪነጋ ገና ብዙ ይቀራል።